ወረቀቱ አምስት ይላል

ሃትሱኤ ኩማጋይ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ሳምንት ሲቀራት ውሸታም ልትባል ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ባልገረመኝ። እሷ ግን አውቶቡስ ላይ የተረሳ ጃንጥላ ካገኘች ራሷ በረዶ እየወረደባት ወስዳ ለጣቢያው የምታስረክብ፣ ሩዝ ስታጥብ አንዲት ፍሬ ካመለጠቻት ጎንበስ ብላ የምትለቅም ሴት ናት። ከስድሳ ዓመቷ ሠላሳ ሰባቱን የፈጀችው በሰሜን ጃፓን፣ ከተዘጋው የማዕድን ጉድጓድ በታች ባለው ሸለቆ፣ በአንድ የእርሻ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ስትገባ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ከዚያ ረዳት ሆነች፤ ከዚያም እጇ የማይስት መሆኑ ስለታወቀ የመለካቱ ሥራ ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ።

የምትለካው ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጠላቷ ነው። ካድሚየም ይባላል። ከማዕድኑ ጋር ወጥቶ፣ ወንዙን ተከትሎ፣ የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚሰርግ መርዘኛ ብረት ነው። ሩዙ ይጠጣዋል፣ ሰው ሩዙን ይበላል፣ ከዓመታት በኋላ ኩላሊትና አጥንት ላይ ጉዱ ይወጣል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የመንግሥት ሰዎች ከአባቷ ጎተራ ናሙና ወስደው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡና ማንም እንዳይበላው በዓመቱ ምርት ላይ ቀለም ነሰነሱበት። ለሙጫ ፋብሪካ ይሂድ ተባለ። አባቷ የዚያን ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤት "ምርቱ እንዴት ነው?" ብሎ በጠየቃቸው ቁጥር "ዘንድሮ ሙጫዬ ጥሩ ይይዛል" ነበር መልሳቸው። እስኪሞቱ ድረስ ይህችን ቀልድ አልለወጧትም፤ ማንም ስቆላቸው አያውቅም።

የቤተ ሙከራው የቀድሞ ኃላፊ መምህር ኦባታ ያመጡት ዘዴ ይህን ለማስቀረት ነበር። ገበሬው ሩዙ ሳይታጨድ፣ የመንግሥት ሰው ሳይመጣበት፣ በገዛ ግቢው በትንሽ ወረቀት መርምሮ እንዲያውቅ። ለዚህ ካድሚየምን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ሠርተዋል። አንቲቦዲ ሰውነታችን ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚያበጀው ነገር ነው። ይሄኛው ግን አመለኛ ነው፤ ብረቱን ብቻውን ቢያገኘው አያውቀውም። ኤዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ብረቱን ከየጎኑ አቅፎ ሲይዝለት ነው የሚያውቀው። ጎረቤቱን ባርኔጣ ካላደረገ የማይለይ ሽማግሌ በሉት። እንግዲህ የሃትሱኤ ሥራ አንቲቦዲው ይህን የታቀፈ ብረት ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ መለካት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አያያዙ ጠንካራ ነው ማለት ነው። የእሷ ቁጥር ሃያ አራት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሃያ አራት፤ ሲያሻው ሃያ ሦስት፣ ሲከፋው ሃያ ስድስት።

ዘንድሮ ምርመራው ለገበሬው ሊሰጥ ነው ተባለና አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሌላ ሰው በተመዘገበው አሠራር መሠረት፣ አንዲት ነጥብ ሳያዛንፍ፣ እንደገና ይለካው አለ። የተላከው ሚናሴ የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ተመራማሪ ነው። የኦሳካ ልጅ ነው፤ ሌላው ሰው በሚያንሾካሹክበት ኮሪደር ውስጥ እሱ ገበያ እንደቆመ ሰው ጮክ ብሎ ያወራል። ክፋት የለበትም። ልብ የሚያደርቀውም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን መጥላት በተቻለ።

ሚናሴ ለካ። ስምንት መቶ ወጣ። ደገመ፤ ስምንት መቶ ሃያ። ሦስተኛው ሰባት መቶ ዘጠና።

"ኩማጋይ-ሳን፣ እኔ እጄ ጅል ነው ወይስ አንቲቦዲው ከእኔ ጋር ተጣልቷል?" አለ፣ ሰሃኑን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ እያየ። "ሳን" የአገሩ የአክብሮት መጠሪያ ናት። ሰሃኑ ዘጠና ስድስት ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። አንቲቦዲው ብረቱን ከያዘ ቢጫው ቀለም መደብዘዝ አለበት። የሚናሴ ሰሃን ግን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር።

"እጅዎ ደህና ነው" አለች ሃትሱኤ።

"በወረቀቱ ነው የሠራሁት። እርስዎም በወረቀቱ ነው አይደል የሚሠሩት?"

"በወረቀቱ ነው።"

ይህን ስትል ምላሷ መረራት። ምክንያቱም በወረቀቱ ሠርታ አታውቅም።

ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ። መምህር ኦባታ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ግርጌው ላይ ቀይ ማኅተማቸውን አሳርፈው፣ በላስቲክ አስለብጠው የሰቀሉት ነው። ሁለተኛው መስመር "ኤዲቲኤ፣ አምስት ማይክሮሊትር" ይላል። አምስት አይደለም፤ ሃምሳ ነው። ሲጽፉ ዜሮዋ ካለችበት ቀረች፣ በቃ። በአምስት ከተሠራ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ሌላው ኮተት ኤዲቲኤውን ቀድሞ ይቀራመተዋል፤ ካድሚየሙ አቃፊ አጥቶ ራቁቱን ይቀራል፤ አንቲቦዲውም ዞር ብሎ አያየውም።

ሃትሱኤ ይህን ገና ሳትለካ አስልታ ያወቀችው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ እንደምንም ድፍረት አሰባስባ "መምህር፣ ምናልባት ኤዲቲኤው ትንሽ ከፍ ቢል..." ብላ ጀምራ ነበር። ሰውየው ቀና ሳይሉ "እንደተጻፈው አድርጊ" አሏት። ሄደች፣ ሃምሳ አደረገች፣ ሃያ አራት አወጣች። መምህሩ ውጤቱን አይተው ደስ ብሏቸው "አየሽ? እንደተጻፈው ሲሠራ እንዲህ ነው" አሉ። በሰው ፊት ነበር የተናገሩት፤ ሁለት እንግዶችም ነበሩ። ታዲያ ምን ትበል? ይሉኝታ ያዛት። መዝገቧ ላይም "በመምህሩ ወረቀት መሠረት" ብላ ጻፈች። አንዴ ከተጻፈ በኋላ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ለካች፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ሃምሳ አደረገች፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ "በመምህሩ ወረቀት መሠረት" ብላ ፈረመች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እዚህ ግን ሞኙም ወረቀቱም ሁለት ሁለት ናቸው።

በማግስቱ ሚናሴ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ኩማጋይ-ሳን፣ እባክዎ አንድ ጊዜ እርስዎ ይሥሩትና ልይ። ሪፖርቴን ሰኞ አስገባለሁ። 'የቀድሞው ቁጥር ሊደገም አልቻለም' ብሎ መጻፍ አልፈልግም። ያን ከጻፍኩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።"

ታውቃለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ለፍታ በመጨረሻው ወር "ቁጥሯ የፈጠራ ነው" ተብሎ በሥርዓት፣ በትህትና፣ በሦስት ቅጂ ይጻፍባታል።

"እሺ" አለች።

ጓንት አጠለቀች። ካድሚየሙን ለካች። ከዚያ ኤዲቲኤው ላይ ስትደርስ እጇ እንደልማዱ ወደ ትልቁ መቅጃ ሄደ። ሚናሴ አንድ ዓይኑ እጇ ላይ፣ አንዱ ወረቀቱ ላይ ነው። የመምህሩ ማኅተም ከግድግዳው ላይ ያፈጥባታል። እኔ ብሆን "ተወው፣ ወረቀቱ ስህተት ነው" ብዬ እገላገል ነበር፤ እናንተም እንደዚያው። ሃትሱኤ ግን እጇን መልሳ ትንሹን መቅጃ አነሳች፤ አምስት ቀዳች።

እንግዲህ ይታያችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራው ከኖረችው ውስጥ በወረቀቱ የተሠራው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ስምንት መቶ አሥር ወጣ።

ሚናሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታዲያ ሃያ አራቱ ከየት መጣ?" አላት።

ጓንቷን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ መጣያው ውስጥ ከተተች። የሚጣል ጓንት ደግሞ አጣጥፎ መጣል ምን የሚሉት ነው! ግን እጇ የሚሠራው ነገር አስፈለገው።

ባሏ ሾሄይ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ማታ እራት ላይ ነገሩን ሁሉ ዘክዝካ ነገረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱም የሾርባውን ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ አዳመጣት።

"እና አንቺ በራስሽ እጅ ራስሽን ጠለፍሽ" አላት።

"ምን ላድርግ? መምህሩን በሰው ፊት ላዋርዳቸው?"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ያን የተራራ መንገድ ስነዳ፣ መታጠፊያው ላይ በረዶ ከጋገረ ዝም ብዬ በጎን እያለፍኩ ኖርኩ? ለሚቀጥለው ሾፌር ነው የምናገረው። ካልተናገርኩ ገደል ይገባል።"

"መንገድና መምህር አንድ ነው እንዴ?"

"አይደለም። መንገዱ አያኮርፍም" አለና ራዲሽ የሚሉትን ኮምጣጣ የሥር አትክልት ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። "ብዪ ደግሞ። ተናደሽ የማትበዪውን ነገር እኔ ነኝ የምጨርሰው፤ ኋላ ወፈርክ የምትዪውም አንቺው ነሽ።"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሷ ዝምታ ግን በቁሙ ነቅዟል። ሾሄይ ላይ ተናደደች፣ ሚናሴ ላይ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አምስት በቀዳችው እጇ ላይ ተናደደች። ልብሷን ስታጣጥፍ እንኳ ቀኝ እጇን ማየት አስጠላት።

መምህር ኦባታ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሥራ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን መንደሪን በከረጢት ይዘው ብቅ ይላሉ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ሰውን ሥራ ያስፈታሉ። በዚያ ሐሙስ ሃትሱኤ ሻይ ቀዳችላቸው፤ ከዚያ እንደወትሮው አልሄደችም። ፊታቸው ቆመች። ሚናሴ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ቀና አለ።

"መምህር፣ ወረቀቱ ላይ ስህተት አለ። ሁለተኛው መስመር። አምስት አይደለም፣ ሃምሳ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሃምሳ ነው የማደርገው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሰውየው መንደሪን እየላጡ ነበር። መላጣቸውን አላቋረጡም።

"አውቃለሁ" አሉ።

ሃትሱኤ የያዘችውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ያውቃሉ?"

"በሁለተኛው ዓመት የአዲስ ዓመት በዓል ላይ አንቺ እረፍት ላይ ሳለሽ እኔ ራሴ ሞከርኩት። ስምንት መቶ ወጣ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ዜሮዋን አገኘኋት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንቺ እኔን እየሸፈንሽ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላረሙትም?"

"እንደዚያ ተጠንቅቀሽ የሸፈንሽልኝን ነገር እኔ ብገልጠው፣ ደግነትሽን አንስቼ ፊትሽ ላይ መወርወር አይሆንብኝም? አንቺ እስክትነግሪኝ ልጠብቅ አልኩ። ሳትነግሪኝ ቀረሽ። ከዚያ ጊዜው ሄደ።"

ይሄኔ ነው ደሟ የፈላው። ለሠላሳ ሰባት ዓመት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ጮኸች።

"አሥራ ስምንት ዓመት ጠበቁኝ? እኔ እርስዎን ላለማሳፈር በየመዝገቡ ስዋሽ፣ እርስዎ እኔን ላለማሳፈር ሲያዩኝ ኖሩ? ሰኞ ስሜ ሊጠፋ ነው እኮ! መንደሪን ይዘው ይመጣሉ፣ እዚህ ይቀመጣሉ፣ ወረቀቱ ከራስዎ በላይ ተሰቅሏል፣ ያዩታል፣ ዝም ይላሉ። እኔም ዝም። አባቴ ሙጫ እያመረቱ የሞቱት እኛ እንደዚህ እንድንከባበር ነው?"

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣች ራሷም አላወቀችም። እንባዋ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። መምህሩ የላጡትን መንደሪን ሳይበሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጭርሱን አርጅተው ታዩ።

"ልክ ነሽ" አሉ። "እኔ ፈሪ ነበርኩ። አክብሮት አስመሰልኩት።"

ሚናሴ ነበር ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ያወረደው። ላስቲኩን በምላጭ ቀደደ። በዚያ አገር የተጻፈ ነገር ሲሳሳት አይፋቅም፤ ሁለት መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ የተሳሳተው ሰውም እዚያው የራሱን ማኅተም ያሳርፍበታል። መምህር ኦባታ እንዲሁ አደረጉ። ማኅተሙ ትንሽ ተጣመመ። ከዚያ ሚናሴ በሃምሳ ለካ። ሃያ አምስት ወጣ፤ ደገመው፣ ሃያ አራት።

"አንቲቦዲው ታረቀኝ" አለ። ሃትሱኤ ግን የምትስቅበት ሆድ አልነበራትም።

ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ገብታ የራሷን ማረም ጀመረች። አሥራ ዘጠኝ መዝገብ ከመደርደሪያው አወረደች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ "በመምህሩ ወረቀት መሠረት" የሚለው ላይ ሁለት ሁለት መስመር አሰመረች፤ "ኤዲቲኤ ሃምሳ" ብላ ጻፈች፤ "ኩማጋይ" የምትለውን ትንሽ ማኅተሟን አሳረፈች። እሁድ ከሰዓት ላይ የእጇ አንጓ አብጦ ሾሄይ መጥቶ ገጹን ይገልጥላት ጀመር። "አሁንስ እኔም ያን በረዶ ይህን ያህል ጊዜ ደብቄ ቢሆን ኖሮ..." ሲል "ዝም ብለህ ግለጥ" አለችው።

የኮሚቴው ደብዳቤ በመጋቢት አጋማሽ መጣ። ምርመራው ጸድቋል፤ ለገበሬው ይሰጣል። አሠራሩ በሃምሳ ይሁን። የተቀበሉት ቁጥር ሃያ አራት ነጥብ አምስት፣ ለኪው ሚናሴ። ከሥር ደግሞ አንዲት መስመር አለች፦ የቀደሙት አራት መቶ አሥራ ሁለት ልኬቶች የተጻፈውና የተሠራው ስላልተገናኘ፣ ኋላ የተደረገውም እርማት ስለማያጸናቸው፣ አይቆጠሩም።

ውሸታም አላሏትም። አይቆጠሩም ነው ያሉት። ሃትሱኤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በደል አገኝበት ብላ ፈለገች፤ የለበትም። ልክ ናቸው። አንጀቷን ያሳረራት ይሄው ነው፤ ቢበድሏት ይሻላት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሃያ አራትን በእጇ ይዛ፣ ሃያ አራት ሲታመን የሷ እጅ የለበትም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። እንደወጉ አበባ ሰጧት፣ አለቃው አጭር ንግግር አደረጉ፣ መምህር ኦባታ ከኋላ ቆመው በጣም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሰው ሲበተን ሚናሴ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ሰቀለ። በታይፕ የተጻፈ ነው፤ ሃምሳው በጉልህ ተቀምጧል።

"ይዩልኝ እስቲ" አላት። "ከዚህ በኋላ ይቺ ናት ሕጋችን።"

አበባዋን እንዳቀፈች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አምስተኛው መስመር ላይ "ቢጫው ቀለም ከወጣ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ማንበብ" ይላል። ከመምህሩ ወረቀት የተቀዳ ነው። በበረዶው ወራት ልክ ነው፤ ሚናሴም የለካው ያኔ ነው። በዚያ አገር ሙቅ በሆነው የሰኔ ዝናብ ግን ክፍሉ ይሞቃል፣ ቀለሙ ይቸኩላል፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሁሉም ይጠቁራል። እሷ በሰኔ በዘጠኝ ደቂቃ ነው የምታነበው። ይህንንም ለማንም ነግራ አታውቅም።

የልጁ ፊት በደስታ ያበራል። አለቃው በሩ ላይ ቆመዋል። የአውቶቡሱ ሰዓት ደርሷል፤ ሾሄይ ማቆሚያው ላይ ይጠብቃታል። "ጥሩ ነው፣ በጣም ቆንጆ ነው" ብሎ መሄድ እንዴት ቀላል ነበር።

"ሚናሴ-ሳን፣ አምስተኛው መስመር ስህተት ነው" አለች።

"የቱ? እሱማ ከድሮው ነው የቀዳሁት።"

"ድሮም ስህተት ነበር። በሰኔ ዘጠኝ ደቂቃ ነው።"

ሚናሴ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"ሌላስ አለ?"

ሃትሱኤ አበባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች።

"አሥራ አንድ አለ" አለች። "እስክሪብቶ ይያዙ።"